«ማታ አለው ወይ?»

ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ሃይሌ ጋርመንትና ወደ ጀሞ በሚወጡት መንገዶች ዳር አዲስ ፎቅ በተሠራ ቁጥር ምድሩን ካፌ ወይም ፋርማሲ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ክሊኒክ ሲይዘው ማየት ከተለመደ ቆይቷል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በእነዚህ ደረጃዎች ላይ አዲስ የተመረቁ ነርሶች ሲቪያቸውን በላስቲክ ማኅደር ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መውጣት መውረዳቸውን እግዚአብሔር ይባርክላቸው፤ ሥራ ፈልጎ ደጅ መጥናት ነውር የለበትም። ነውሩ ሌላ ነው። ቀጣሪው ፊት ሲቀርቡ ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ስለ ሕመምተኛው አይደለም፣ አብሯቸው ስለሚሠራው ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ስለ ደመወዙም አይደለም። «ማታ አለው ወይ?» ነው። «የለውም» ሲባሉ ግንባራቸው ይፈታል፤ «አለው» ከተባሉ «አስቤበት ልደውል» ብለው ይወጣሉ፤ አይደውሉም። አራት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ፣ የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘና አልፎ በመጨረሻ የሥራ ቦታውን በመኝታ ሰዓቱ የሚመርጥ ሙያተኛ ሲበዛ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሽምግልና የሚሰጠው መብት አንድ ነው፤ ሳይጠየቁ መምከር። ልጠቀምበት።

ከመነሻው አንድ ነገር ላጥራ። የክሊኒክ ሥራ አይናቅም፤ የሰፈር ክሊኒክ ባይኖር ልጁ ሌሊት ያተኮሰው አባት ጠዋት የት ይገባ ነበር? የምናገረው ስለ መጀመሪያው ሥራ፣ እጅ ስለሚፈታበት ዓመት ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦ ሕመም ባለበት አይቆምም፣ ይሄዳል፤ ሲሄድ የሚያየው ደግሞ አጠገቡ የቆየ ሰው ብቻ ነው። መርፌ መውጋትና ካኑላ ማስገባት በሦስት ወር ይለመዳል። ቁስል ማጠብም እንዲሁ። ነርስን ነርስ የሚያሰኘው ግን ጠዋት ያየችውን ፊት ማታ ስታየው «ይኼ ሰው ልክ አይደለም» ማለት መቻሏ ነው። በክሊኒክ ሕመምተኛው ይመጣል፣ ይለካል፣ ይወጋል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ይሻለው ይባስበት፣ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ፣ ነርሷ አታውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ ሴፍትሪያክሶን ወግታ ትኩሳት ሲወርድ አንድም ሌሊት ቆማ ያላየች ልጅ ትገጥማለች። የእጇ ፍጥነት ያስደንቃል። ዓይኗ ግን ከተመረቀችበት ቀን ፈቅ አላለም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ሕመምተኛ ተኝቶ የሚያድርበትን ቤት ምረጡ እላለሁ፤ ሕመምተኛው ከሚያድርበት ቤት ደግሞ ነርሷም ማደሯ የግድ ነው።

እዚህ ላይ የሚፈጠር አንድ ስሕተት አለ። አዲስ ተመራቂ ሆስፒታል ሲባል ዓይኑ የሚሄደው ወደ ትልልቁ ስም ነው። በአገራችን አደረጃጀት ከታች ጤና ጣቢያውና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ፣ በመካከል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የተመደበው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አሉ። ላይኛው መግባት ክፋት የለውም፤ ስሙ ግን አያስተምራችሁም። የሚያስተምራችሁ ዋርዱ ነው። ሃያ አልጋ ያለው፣ የምትቆጣ ግን የምታሳይ ሄድ ነርስ ያለችበት የአንድ ወረዳ ሆስፒታል፣ መቶ አልጋ ኖሮት አዲሱን ገቢ ሰው ዘወር ብሎ ከማያይበት ሕንፃ ይበልጣል።

ሌሊቱ ምን እንደሚያስተምር በቅርብ እንየው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የወሊድ ክፍል ኮሪደር መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል፣ አስታማሚዎች አልጋ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ተኝተዋል፣ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል። አንዲት ወላድ በእርግዝና ምክንያት ግፊቷ ከፍ ብሎ ማግኒዥየም ሰልፌት ታዞላታል፤ ቀጣዩ ዶዝ ደርሷል። ቻርቱ «ስጪ» ይላል። የሠለጠነች ነርስ ግን ሲሪንጁን ከመሙላቷ በፊት ሦስት ነገር ታያለች። እስትንፋሷ በደቂቃ 16 ይሞላል? ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ይፈናጠራል? ሽንቷስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ይደርሳል? አንዱ ከጎደለ መድኃኒቱ ራሱ እስትንፋሷን ሊያቆመው ይችላልና ዶዙ ይያዛል፣ ሐኪም ይጠራል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ከየትኛው መሳቢያ እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህን ሁሉ በክፍል ተምራችኋል፣ በፈተናም መልሳችኋል። ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ዓይን በእንቅልፍ በከበደበት፣ ማንም በማያይበት፣ «መቼም ደህና ናት» የሚል ሐሳብ በሚያባብልበት ሰዓት መዶሻዋን አንሥቶ ጉልበት መምታት ሌላ ትምህርት ነው። የሚሰጠውም በዚያው ሰዓት ብቻ ነው። ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ ደግሞ ከ4 ሰዓት በፊት የወለደች እናት አለች። ደም ሲፈሳት የደም ግፊቷ ወዲያው አይወርድም፤ ወጣት ሰውነት ይታገላል። ቀድሞ የሚፈጥነው የልብ ምቷ ነው፤ 88 የነበረው 104 ይሆናል፣ ከዚያ 118። ግፊቱን ብቻ አይታ «ኖርማል» ብላ የጻፈች ነርስ አልዋሸችም። ግን አላየችም።

ይህ የሽማግሌ ወግ ብቻ ከመሰላችሁ ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሲልበርና ባልደረቦቹ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞቱ ሰዎችን ጉዳይ ሲመረምሩ ሁለት ነገር ለያዩ። ሕመምተኛው ላይ ተጨማሪ ችግር መድረሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በራሱ በሕመምተኛው ሁኔታ ነው፤ ችግሩ ከደረሰበት በኋላ መትረፉ ግን ከሆስፒታሉ ጋር የተያያዘ ነው። መዳን የሚቻልበት ሰዓት አለ፤ ያንን ሰዓት አንድ ሰው ያየዋል ወይም ያልፈዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው፣ ለአንዲት ነርስ የሚደርሰው ሕመምተኛ በአንድ ሲጨምር ሕመምተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ እንደሚጨምር አሳዩ። አጠገብ ያለው ዓይን ሲሳሳ ሰው ይሞታል ማለት ነው። ፓትሪሺያ ቤነርም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፏ ነርስ ከጀማሪነት ወደ ሊቅነት የምትደርስባቸውን አምስት ደረጃዎች ስትዘረዝር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የዓመት ብዛት ሳይሆን የታየው ሕመምተኛ እንደሆነ ታስረዳለች። «ይኼ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ እኛን ይበልጥ ይመለከታል ባይ ነኝ። እዚያ ነርሷ ብትዘናጋ አልጋው ራስጌ ያለው ሞኒተር ይጮኻል። በእኛ አብዛኛው ዋርድ ውስጥ ከነርሷ ዓይን ሌላ የሚጮኽ ነገር የለም።

ግን ልመለስና ልለዝብ፤ ፍርሃታችሁን አላጣጥልም። ማርሊን ክሬመር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ ነርስ ከትምህርት ቤት ወደ ዋርድ ስትገባ የሚደርስባትን ድንጋጤ ርእስ አድርጋ መጽሐፍ ጽፋበታለች፤ መሸሽ የእናንተ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን የእኛ አገር የጤና ሙያ በሚያስፈሩ ቦታዎች ያለፈ ነው። በደንቢያ ሜዳ ወባ ሕዝቡን ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የመብራት ነገር አይነሣም፣ መንገዱ በበቅሎ ነው፣ ሌሊት የምትጠራው ነርስ ፋኖስ ይዛ ትወጣለች። ከዚያም በፊት ልዕልት ፀሐይ ነበረች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና፣ አገሯ በጠላት ተይዞ በስደት ሳለች፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። ስደተኛ ልዕልት ቤቷ ብትቀመጥ ማን ይወቅሳታል? እሷ የሕፃናትን አልጋ ማንጠፍ መረጠች። ከነፃነት በኋላም ደሴ ሆስፒታል ሠርታ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ገና በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። ጦር ኃይሎች የሚገኘው ሆስፒታል ሲሠራ በስሟ መታሰቢያ የነበረ መሆኑን፣ ከለቡ ተነሥታችሁ በዚያ በኩል የምታልፉ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ደግሞም የማን ልጆች ናችሁ? ለክብረ በዓል ማኅሌት መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር፣ በረመዳን ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሚሰግድ ሕዝብ ልጆች ናችሁ። ሌሊት ለእኛ የእንቅልፍ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስለ ደጉ ሳምራዊ ስትሰሙ ዘይትና ወይን ማፍሰሱን፣ በአህያው መጫኑን ታስታውሳላችሁ። የሚዘለለው ነገር ግን ወንጌሉ ለእንግዳ ማረፊያው ጌታ ገንዘብ የሰጠው በማግሥቱ እንደሆነ መናገሩ ነው። ሌሊቱን የት ነበር? ከቁስለኛው ጋር። ካህኑና ሌዋዊው አይተው አለፉ። ክፉዎች ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ከዚያ ቁስለኛ ጋር ማደር ምን እንደሚያስከትል ገብቷቸው ይሆናል። «ማታ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የእነሱን እግር መንገድ ይመስለኛል። ከረር አልኩ መሰለኝ፤ ይሁን።

አሁን መልስ ወደሚያስፈልጋቸው ተቃውሞዎች። የመጀመሪያው የመንገዱ ነገር ነው፦ «ሴት ልጅ ከመብራት ኃይል ተነሥታ ማታ እንዴት ትሂድ?» እውነት ነው፣ ያስፈራል፤ ሰርቪስ አለው ወይ ብሎ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ግን ሰዓቱን አስቡት። የሌሊት ተረኛ የምትወጣው ሳይጨልም ነው፣ የምትመለሰው ነግቶ ነው። ምሽት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ አስፋልት ዳር የምትቆመው «ማታ የለውም» የተባለላት የክሊኒኳ ነርስ ናት፤ ለካስ ክሊኒኩ ቀን ብቻ አይሠራም። ሁለተኛው የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ሥራን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ጋር መድቦታል፤ ይህን አልክድም። ሠላሳ ዓመት ሌሊት ሥሩ አላልኩም። ሁለት ዓመት ነው የምለው፤ በተራ እየገቡ፣ በማግሥቱ እየተኙ። ሦስተኛው የገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከማቆም ያደረሳቸው የደመወዝ ብሶት የተፈጠረ ወሬ አልነበረም፤ የዱቲ ክፍያ ለወራት የሚያድርበት ቤት እንዳለም የታወቀ ነው። ሌሊት ያደረ ሰው የሌሊቱን ሊከፈለው ይገባል፤ ይህን ሳይጠይቁ የሚፈርሙትን አላመሰግንም። ነገር ግን ክፍያው ስላነሰ መታገል አንድ ነገር ነው፣ ሙያው የሚገኝበትን ሰዓት መሸሽ ሌላ። ሁለቱን አንድ ከረጢት ከተትን።

አራተኛው ተቃውሞ የሚከብደው ነው፦ «አባባ፣ የሚመረጥ ሥራ የት አለና?» በየዓመቱ የሚመረቀውና የሚቀጠረው አልመጣጠን ካለ ቆይቷል፤ ያገኘውን ይዞ የሚገባውን ልጅ መገሠጽ ግፍ ነው። ለእሱ ያለኝ ምክር የተለየ ነው። ከሁለት ክሊኒክ መምረጥ ከቻልክ ሕመምተኛ የሚያስተኛውን፣ የሚያዋልደውን ያዝ። ያም ካልተገኘ ግባና ሥራ፣ ግን የቅጥር ማስታወቂያ ማየት አታቁም፤ ሰላም ባለበት ቦታ ሁሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውንም ተመዝገብ። «ልምድ ይሁንልህ» ብሎ ያለ ደመወዝ ሊያሠራህ ከሚፈልግ ሰው ግን ራቅ። የእኔ ቅሬታ ሁለቱም በር ተከፍቶላቸው ጠባቡን ትተው በሰፊው በሚገቡት ላይ ነው፤ እነሱም ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ፤ እስከዚያው ቀለል ያለ ነገር ልያዝ» የሚሉት በተለይ ይገርሙኛል። ውጭ መሄድን አልቃወምም፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅና። ግን የባሕረ ሰላጤው አገር ሆስፒታሎች ማስታወቂያ ሲያወጡ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሆስፒታል ልምድ ይላሉ። ወደ አሜሪካ የሚያስገባው ፈተናም አንዱን ሕመምተኛ ከሌላው አስቀድሞ የማየትን ፍርድ ይፈትናል። እሱ ደግሞ ዋርድ ውስጥ የሚያድግ ነገር ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ለመሸሽ የመረጣችሁት መንገድ ዞሮ ዞሮ ወደ ሌሊቱ ነው የሚያደርሳችሁ፤ ልዩነቱ ያኔ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ያለ ዘመድ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ኢንተርቪው ስትገቡ ምን ትጠይቁ? ለቤት መቅረቡ ጥሩ ነው፤ አይወስን። ዩኒፎርሙና ሕንፃው አያታልላችሁ። ደመወዙን በግልጽ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ሌሊቱ ተመለሱ፣ ግን ጥያቄውን ገልብጡት። «ማታ አለው ወይ?» በማለት ፈንታ «ማታ ከእኔ ጋር የሚገባው ማን ነው?» በሉ። አዲስ ነርስን በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻዋ ሌሊት የሚያስገባ ቤት እንደማያስተምር ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ከእንዲህ ያለው ብትሸሹ ያለ ወቀሳ ነው። «በሌሊት ለአንድ ነርስ ስንት አልጋ ይደርሳል?» በሉ፤ ቁጥሩን ሳያፍር የሚነግራችሁን ማትሮን አክብሩ፣ ቁጥሩ ቢበዛም። «ሐኪም ስንጠራ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» በሉ። ርክክቡ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ? ይህንን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ኮሪደሩ ላይ አሥር ደቂቃ ብትቆሙ ታዩታላችሁ። የሌሊቷ ነርስ ጃኬቷን ደርባ፣ የቀኗን ይዛ፣ ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጋ ቁስል የምታሳይበት ቤት ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ፈርሙ።

ስትገቡ ደግሞ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይዛችሁ ግቡ፤ መርካቶ በርካሽ ይገኛል። ስልክ አይሆንም። ስልክ ላይ ሰዓት ልታይ የወጣች ዓይን መልእክት ሳታነብ አትመለስም፣ እስትንፋስ ደግሞ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትን ተዉት። 14 እና 16 የሚለያዩት በዚያ ቀሪ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ሲሪንጁም በእጃችሁ ነው።